የአባቴ ማሊያ፣ ዋንጫና የቆዳ ኳስ፦ የድሮ የስፖርት እቃ ቤት ውስጥ እንዴት እንደምናተርፍ

እንዴት ናችሁ፣ ቀጥታ ወደ ስራው ነው የምገባው ግን መጀመሪያ እቃዎቹን ላስተዋውቃችሁ፣ ምክንያቱም የምነግራችሁ አብዛኛው እነሱ ላይ የሰራሁትን ነው። አባቴ በሰባዎቹ የፋብሪካ ቡድን ተከላካይ ነበር፣ ያኔ ፋብሪካውም መስሪያ ቤቱም የየራሱ ቡድን ነበረው። ከአልጋው ስር ካለው የቆርቆሮ ሳጥን ያወጣሁት ይሄ ነው፦ ጀርባው ላይ በነጭ ጨርቅ 5 ቁጥር የተሰፋበት አረንጓዴ ማሊያ፣ አንድ ስንዝር የምታክል ዋንጫ፣ አየሯ የወጣ የቆዳ ኳስ፣ አንድ ሜዳሊያ፣ አንድ እግር ታኬታ እና አምስት ጥቁርና ነጭ ፎቶ።

ከአምስቱ ፎቶ አሁን ደህና የሆኑት አራቱ ናቸው። አንዱን ያበላሸሁት እኔ ነኝ፣ እንዳይጎዳ ብዬ ላሚኔት አስደረኩት፣ ማሽኑ ውስጥ ሲያልፍ ሙቀቱ የፎቶውን ገፅ አቀለጠውና ልክ የግብ ጠባቂው ፊት ላይ አረፋ ሰራ፣ ፕላስቲኩ ደሞ አንዴ ከተጣበቀ የሚነሳ ነገር አይደለም። ያ ግብ ጠባቂ አሁን በህይወት የለም፣ ልጆቹም ጋር የዛን ዘመን ፎቶ የለም። እስካሁን ያንገበግበኛል፣ ይሄን የምፅፈውም ሌላ ሰው ቤት እንዳይደገም ነው።

ስለዚህ ከሁሉም በፊት የምንሰራውን ስራ እንወቀው። ስራችን እቃውን ማትረፍ ነው፣ መበላሸቱ ባለበት እንዲቆም ማድረግ። ትላንት ከሱቅ የወጣ ለማስመሰል የጀመራችሁ ቀን እቃውን እያጠፋችሁት ነው። የአባቴ ማሊያ ብብቱ ስር ተቀዶ እናቴ በቢጫ ክር ሰፍታዋለች፣ አረንጓዴ ክር ቤት ውስጥ ስላልነበረ እና በማግስቱ ጨዋታ ስለነበረ ማለት ነው፣ ስፌቱ ወፈር ወፈር ያለ፣ መጨረሻው ላይ ሶስቴ የተቋጠረ፣ ቸኩላ እንደነበር ከስፌቱ ብቻ ያስታውቃል። ያንን ፈትቼ በአረንጓዴ ብሰፋው ማሊያው ያምር ይሆናል፣ የእናቴ እጅ ግን ከላዩ ይጠፋል። እና አንድ ነገር ከማንሳታችሁ በፊት ይሄ እያደር እቃውን የሚበላ ነገር ነው ወይ ብላችሁ ጠይቁ። ሻጋታ፣ ዝገት፣ ብል፣ እርጥበት፣ ላብ ይበላል፣ እነሱን እናቆማለን። የተጣፈ ቦታ፣ የሳር እድፍ፣ ዋንጫው ላይ ያለ ጭረት፣ ኳሱ ላይ የተፋቀ ቦታ ግን ጨዋታው የተወው ምልክት ነው፣ አትንኩት።

አንድ ነገር ደሞ ከአሁኑ። እቃው የብሄራዊ ቡድን ከሆነ፣ ኦሎምፒክ ላይ የተለበሰ ወይ የአፍሪካ ዋንጫ ላይ የነበረ ከሆነ ይሄ ፅሁፍ ለናንተ አይደለም፣ በንፁህ አንሶላ ጠቅልላችሁ ደረቅ ቦታ አስቀምጡና ሙዚየም ውስጥ የሚሰራ የቅርስ ጥበቃ ባለሙያ ፈልጉ። በቤት ውስጥ ሳሙና የሚሞከርበት እቃ አይደለም።

እሺ፣ መጀመሪያ ፎቶ አንሱ። በቀን፣ መስኮት አጠገብ፣ ፍላሽ አጥፍታችሁ፣ ፊቱንም ጀርባውንም ውስጡንም፣ እድፉን ቀረብ ብላችሁ፣ አጠገቡ ማስመሪያ አድርጋችሁ። ከታጠበ በኋላ እዚህ ጋ ፅሁፍ ነበረ እንዴ ብላችሁ ስትጠራጠሩ የምትመለሱት ወደዛ ፎቶ ነው።

ቀጥሎ ብል። ከሳጥን የወጣ ጨርቅ፣ በተለይ ሱፍ ከሆነ፣ ትናንሽ ቀዳዳና ነጭ ድር የመሰለ ነገር ካያችሁበት ከሌላ ልብስ ጋር እንዳትቀላቅሉት፣ ሌላውንም ይፈጀዋል። ናፍታሊን ብዙ ሰው ይጠቀማል፣ እኔ አልወደውም፣ ሽታው ከጨርቁ አይለቅም፣ ለሚተነፍሰውም ሰው ጥሩ አይደለም። የተሻለው ፍሪዘር ነው። ማሊያውን ፕላስቲክ ከረጢት ውስጥ አድርጉ፣ አየሩን ጭመቁና አውጡት፣ በደንብ አሽጉት፣ ከዜሮ በታች 18 ዲግሪ ወይ ከዛ በላይ የሚያቀዘቅዝ ፍሪዘር ውስጥ ሁለት ሳምንት አስቀምጡት (መብራት በየጊዜው የሚጠፋበት ሰፈር ከሆናችሁ ጨመር አድርጉ)። ስታወጡት ቶሎ እንዳትከፍቱት፣ እንደታሸገ አንድ ሙሉ ቀን ይቆይ፣ ጤዛው ከረጢቱ ላይ ይሆናል እንጂ ጨርቁ ላይ አይሆንም። ይሄ ለጨርቅ ብቻ ነው፣ ፎቶ፣ ቀለም የተቀባ ዋንጫ፣ እንጨት አታስገቡ።

ሻጋታ ከሆነ ደሞ ቤት ውስጥ እንዳታራግፉት። ማስክ አድርጉ፣ ጓንት አድርጉ፣ ውጭ ጥላ ያለበት ቦታ ውሰዱትና በደንብ እስኪደርቅ ጠብቁ፣ ከደረቀ በኋላ በለስላሳ ብሩሽ ጠረግ ጠረግ። እርጥብ ሻጋታ ከጠረጋችሁት ወደ ውስጥ ነው የምታሹት። ፀሀይ ላይ አስጥቶ መዋል የሁላችንም ልማድ ነው ግን የድሮ ቀለም ፀሀይ አይችልም፣ ቀለሙን ይወስደዋል።

አሁን ወደ ማሊያው። በነገራችን ላይ ማሊያም፣ ታኬታም፣ ካልሲም ከጣልያንኛ የመጡ ቃላት ናቸው፣ ኳሱም ቃሉም አብረው እዚህ አድገዋል።

ከምን እንደተሰራ ሳታውቁ ውሃ አታስነኩት። ከውስጥ ስፌት ላይ የተንጠለጠለች አንዲት ክር ቁረጡና በመቆንጠጫ ይዛችሁ ሳህን ላይ በክብሪት ለኩሷት። የተቃጠለ ፀጉር ከሸተተ ሱፍ ነው፣ የተቃጠለ ወረቀት ከሸተተና ግራጫ አመድ ከተወ ጥጥ ነው፣ ቀልጦ ጠንካራ ጠብታ ከሆነ ፖሊስተር ወይ ናይለን ነው። የአባቴ ጥጥ ሆኖ ተገኘ፣ ቁጥሩ ደሞ ሌላ አይነት ጥጥ፣ ስለዚህ ሁለቱንም ለየብቻ መፈተን ነበረብኝ።

ፈተናው እንደዚህ ነው፦ ነጭ ጨርቅ በቀዝቃዛ ውሃ አርጥቡ፣ ከውስጥ በኩል የማይታይ ቦታ ላይ ጫን አድርጋችሁ አንድ ደቂቃ ያዙ፣ ከዛ በሳሙና ውሃም ድገሙት። እያንዳንዱ ቀለም ላይ፣ አንገቱ ላይ፣ መስመሩ ላይ፣ አርማው ላይ፣ አንዱም አይቅር። ነጩ ጨርቅ ላይ ትንሽ ቀለም ካያችሁ በቃ መታጠብ የለም፣ በደረቅ ብሩሽ ብቻ ነው የምትሄዱት። ብዙ ማሊያ የሚበላሸው እዚህ ጋር ነው፣ ቀይና ነጭ ማሊያ ይነከርና ሮዝ ሆኖ ይወጣል፣ ከዛ በኋላ የሚመልሰው የለም።

ፈተናውን ካለፈ፣ ሰፊ ሳፋ አዘጋጁ፣ ማሊያው ሳይታጠፍ የሚዘረጋበት። ከስሩ ንፁህ አንሶላ አንጥፉና ማሊያውን አንሶላው ላይ ዘርጉት፣ ምክንያቱም የድሮ ጨርቅ ውሃ ሲጠጣ ይከብዳል፣ በትከሻው ብታነሱት በራሱ ክብደት ይቀደዳል፣ ስታነሱት አንሶላውን በአራት ማእዘን ይዛችሁ ነው የምታነሱት። ውሃው ለብ ያለ ወይ ቀዝቃዛ። ሳሙናው ቀለምና ሽታ ያልበዛበት ፈሳሽ ሳሙና፣ የህፃን ሻምፖም ይሆናል፣ ለአንድ ሳፋ አንድ የሾርባ ማንኪያ ይበቃል። የዱቄት ሳሙና አይሆንም፣ ብዙዎቹ ውስጥ እድፍ የሚበላ ኢንዛይም አለ፣ ያ ኢንዛይም ሱፍን ራሱን ይበላል። በረኪና ደሞ ፈፅሞ፣ ነጭም ቢሆን፣ ክሩን ያደክመዋል፣ ዛሬ ነጭ ሆኖ ይታያችሁና ከአመት በኋላ ስትነኩት እንደ ወረቀት ይሰነጠቃል።

ከዛ አትሹት። በመዳፋችሁ ቀስ እያላችሁ ወደ ታች ጫን ለቀቅ፣ ጫን ለቀቅ፣ ሀያ ደቂቃ። ውሃው ምን እንደሚመስል ብታዩት ትገረማላችሁ፣ የኔው የመጀመሪያው ውሃ የተልባ ቀለም ነበረው፣ የአርባ አመት ላብና አቧራ ማለት ነው፣ እና ያ ነገር ጨርቁ ውስጥ ሆኖ ነው እያደር ጨርቁን የሚበላው። አራት ጊዜ ውሃ ቀየርኩ። የሳሙና አረፋ እስኪጠፋ ድረስ እየለቀለቃችሁ መጨረሻ ላይ የታሸገ ውሃ ብትጠቀሙ ጥሩ ነው፣ በተለይ የቧንቧ ውሃ ዝገት የሚያመጣበት ሰፈር ከሆነ። አትጭመቁት። ንፁህ ነጭ ፎጣ ላይ ዘርጉት፣ ሌላ ፎጣ ከላይ፣ ጫን ጫን፣ ከዛ ሌላ ደረቅ ፎጣ ላይ ቅርፁን አስተካክላችሁ ጥላ ውስጥ ተኝቶ ይድረቅ። ገመድ ላይ አይሰቀልም፣ መስቀያ ላይም አይሰቀልም።

የቀረው ቢጫ እድፍስ? ተዉት። ሎሚና ጨው የሚል ሰው አለ፣ ሎሚ አሲድ ነው፣ እድፉን ከጨርቁ ጋር ይዞት ይሄዳል።

ቁጥሩ ጉዳይ። የተሰፋ ከሆነ እድለኛ ናችሁ። እንደ ከፋይ ለስላሳ ፀጉር ያለው ቁጥር ከሆነ፣ የሰማንያዎቹ ማሊያዎች ላይ ብዙ አለ፣ ሙቀትም ማሸትም አይችልም፣ ካውያ ከነካው ካውያው ላይ ይቀራል። ጫፉ የተነሳ ቁጥር በኮላ ወይ በሱፐር ግሉ መለጠፍ የሚያምራችሁ ከሆነ ተረጋጉ፣ ኮላው ይጠነክርና ጨርቁን ይሰብረዋል። የተነሳውን ጫፍ በቀጭን መርፌና በተመሳሳይ ቀለም ክር ከጀርባ ሁለት ሶስት ቦታ ያዝ ማድረግ ይበቃል።

ለቀዳዳም እንደዛው ነው። ከጀርባ ተቀራራቢ ቀለም ያለው የጥጥ ቁራጭ አድርጉ፣ ጫፎቹን ሰፋ ባለ ስፌት ሳትጎትቱ ያዙት፣ ለልብስ ሰፊ የምትሰጡ ከሆነ በማሽን እንዳይሰፋ፣ በእጅ ብቻ በሉት። ነገ የተሻለ የሚያውቅ ሰው ቢመጣ በመቀስ አንድ ሁለት ክር ቆርጦ መፍታት መቻል አለበት።

የሩጫ ቲሸርት ያላችሁም ብዙ እንደምትሆኑ አውቃለሁ፣ ታላቁ ሩጫ ከህዳር 1994 ጀምሮ በየአመቱ ስለሆነ አንዳንድ ቤት ቁምሳጥኑ ሙሉ ነው። እነዚህ ላይ ያለው ህትመት ፕላስቲክነት አለው፣ ሙቀት ሲያገኘው ይለሰልስና እርስ በርሱ ይጣበቃል፣ ስለዚህ ህትመት በህትመት ላይ አትደርድሩ፣ መሀሉ ላይ ነጭ የጥጥ ጨርቅ አድርጉ። የተሰነጣጠቀ ህትመት አይጠገንም፣ እንዳይብስ ብቻ ገልብጣችሁ በቀዝቃዛ ውሃ በእጅ። የደረት ቁጥሩን ከነመርፌ ቁልፉ ያስቀመጣችሁ ደሞ ዛሬውኑ መርፌ ቁልፎቹን አውጡ፣ ይዝጋሉ፣ የዝገት እድፍ አይለቅም።

ወደ ኳሱ። የድሮ የቆዳ ኳስ ሁለት አይነት ነው በብዛት የሚገኘው፣ አንዱ ረዣዥም ቁራጮች ያሉት በማሰሪያ የሚታሰር፣ ሌላው ጥቁርና ነጭ ባለ 32 ቁራጭ፣ 12 አምስት ማእዘንና 20 ስድስት ማእዘን፣ ይሄኛው አለም የለመደው እ.ኤ.አ በ1970ው የሜክሲኮ የአለም ዋንጫ ነው፣ ስለዚህ ቤታችሁ ያለው እሱ ከሆነ በአብዛኛው ከዛ ወዲህ ነው ብላችሁ መገመት ትችላላችሁ።

ፓምፕ እንዳታነሱ። በመጀመሪያ የሚያምረን እሱ ነው፣ ግን ውስጥ ያለው ከመነዳሪ ደርቆ ተሰንጥቋል፣ ባይሰነጠቅ እንኳን ግፊቱ የደረቀውን ስፌት ይበጥሰዋል። መጀመሪያ ጣታችሁን ቆዳው ላይ አሹት፣ ቀይ ቡናማ ዱቄት ጣታችሁ ላይ ከቀረ ቆዳው ከውስጥ እየበሰበሰ ነው ማለት ነው፣ እዛ ላይ ውሃ ጠብ እንዳይል፣ ወዲያው ይጠቁራል፣ ይደርቃል። በጥጥ ጨርቅ ጠቅልላችሁ ሳጥን ውስጥ፣ አለቀ። ዱቄት ከሌለው በደረቅ ለስላሳ ብሩሽ፣ ስፌቱ ውስጥ ያለውን አቧራ በጥርስ ብሩሽ (አዲስ፣ ለስላሳ)፣ ከዛ ግድ ከሆነ በጣም ተጨምቆ እርጥበቱ ብቻ በቀረ ጨርቅ አንዴ ጠረግ።

ቅቤ። ይሄን ሳልናገር ማለፍ አልችልም ምክንያቱም አባቴ ራሱ ቅቤ ቀባው ብሎኝ ነበር። ቆዳን በቅቤ ማሸት ከድሮ የመጣ እውቀት ነው፣ በየቀኑ ለሚሰራበት ቆዳ፣ ደጋግሞ ለሚታሽ ነገር ይሰራል። ተቀምጦ ለሚኖር ኳስ ግን ቅቤው ይበላሻል፣ ይሸታል፣ አቧራ ይይዛል፣ ነፍሳትና አይጥ ይጠራል፣ ቆዳውን ያጠቁረዋል። የጫማ ቀለምም እንደዛው፣ የፋብሪካውን ፅሁፍ ይሸፍነዋል።

ቅርፁን ለመመለስ፣ ማሰሪያው ሳይበጠስ የሚፈታ ከሆነ ቀስ ብላችሁ ፍቱት፣ የደረቀውን ከመነዳሪ ያለ ትግል ከወጣ አውጡት (እንዳትጥሉት፣ በከረጢት ለብቻ አስቀምጡት፣ እሱም የኳሱ አካል ነው)፣ ከዛ ንፁህ የትራስ ጥጥ በትንሽ በትንሹ እየጨመራችሁ። ጠንክሮ እንዲቆም አይደለም የምንፈልገው፣ እንዳይታጠፍ ብቻ። የኔ ሁለት ቀን ፈጀ፣ ማታ ትንሽ እጨምርና እተወዋለሁ፣ ቆዳው በራሱ ጊዜ ይሰጣል። ስፌቱ የተተረተረ ከሆነ ጎበዝ ጫማ ሰፊ በወስፌና በሰም በታሸ ክር በድሮዎቹ ቀዳዳዎች ብቻ ሊሰፋው ይችላል፣ አዲስ ቀዳዳ እንዳይበሳ፣ ቀለም እንዳይቀባ፣ ከፊቱ ሳትሄዱ አሰሩት። ታኬታውም በተመሳሳይ መንገድ ነው የሚሄደው፣ ውስጡን በጋዜጣ ሳይሆን በነጭ ጨርቅ ሙሉት፣ ጋዜጣ ቀለምም አሲድም ያስተላልፋል።

ዋንጫ ላይ ከሁሉም በላይ የሚጎዳን ትጋታችን ነው። ሎሚ፣ አቼቶ፣ አመድ፣ የጥርስ ሳሙና፣ ቤት ያፈራውን ሁሉ ይዘን እንፈትገዋለን፣ ያብለጨልጫል፣ ደስ ይለናል። ግን አብዛኛው ዋንጫ ሙሉ ብር ወይ ሙሉ ነሃስ አይደለም፣ ከላይ በጣም ስስ ቅብ ነው፣ ስትፈትጉት ጥቁረቱን ብቻ ሳይሆን ቅቡንም ነው የምታነሱት። የኦሎምፒክ የወርቅ ሜዳሊያ እንኳን ሙሉ ወርቅ መሆኑ የቀረው እ.ኤ.አ ከ1912ቱ የስቶክሆልም ኦሎምፒክ በኋላ ነው፣ አሁን ብር ሆኖ ላዩ ላይ ቢያንስ 6 ግራም ወርቅ ነው የሚደረግበት። እና የሰፈር ዋንጫ ላይ ምን ያህል ስስ እንደሚሆን አስቡት። ከስሩ ወይ ከእጀታው ስር የተፋቀ ቦታ ፈልጉ፣ ሌላ ቀለም ብረት ካያችሁ ቅብ ነው፣ ማግኔት ከያዘው ደግሞ ውስጡ ብረት ነው።

ለቅብ ዋንጫ የሚፈቀደው ይሄ ብቻ ነው፦ አቧራውን በለስላሳ ብሩሽ፣ ከዛ በሳሙና ውሃ የረጠበ ጥጥ፣ ከዛ በንፁህ ውሃ የረጠበ ጥጥ፣ ወዲያው በደረቅ ጨርቅ። ሳፋ ውስጥ አይነከርም፣ የዋንጫ እግርና እጀታ ውስጡ ባዶ ስለሆነ ውሃ ገብቶ ይቀርና ከውስጥ ይበላዋል። ሙሉ ብር ወይ ነሃስ መሆኑን እርግጠኛ ከሆናችሁ ወርቅ ቤቶች የሚጠቀሙበትን የብር መወልወያ ጨርቅ ጠይቁ፣ በትንሹ፣ አንዴ ብቻ። የተቀረፀው ፅሁፍ ላይ ግን ሙሉ ነሃስም ቢሆን አትወልውሉ። የአባቴ ዋንጫ ላይ ያለው ፅሁፍ ፊደሉ በእጅ የተቀረፀ ነው፣ "አንደኛ" የሚለው ላይ "ኛ" አልበቃው ብሎ ወደ ላይ ከፍ ብላለች፣ እሷን ፊደል ከዚህ በፊት የወለወላት ሰው ግማሽ አጥፍቷታል፣ አሁን በጎን ብርሃን ካላደረጋችሁባት አትታይም። አረንጓዴ ዝገት ካለ በጥርስ መጎርጎሪያ እንጨት በደረቁ ቀስ እያላችሁ አንሱት፣ በቢላ አይደለም። የእንጨት መቀመጫው ከተላቀቀ ከስር ያለውን ዳዶ በካቻቪቴ ወይ በቁልፍ አጥብቁት፣ ከዛገ አንድ ጠብታ የስፌት ማሽን ዘይት አድርጋችሁ አንድ ቀን ጠብቁ፣ በጉልበት ከሄዳችሁ እግሩ ነው የሚቀነጠሰው። ከዛ በኋላ በጓንት ያዙት፣ የጣት ላብ ጨው አለው፣ ከወራት በኋላ አሻራችሁ ጥቁር ሆኖ ይወጣል።

ሜዳሊያም ያው ነው፣ ተጨማሪው ጥብጣቡ ነው፣ ቀለሙ በውሃ ስለሚሄድ ብረቱን ስትጠርጉ ጥብጣቡን በፕላስቲክ ሸፍኑት።

ፎቶና ጋዜጣ። ላሚኔት የለም፣ ከላይ ነግሬያችኋለሁ። ፕላስተርም የለም፣ ቢጫ ይሆንና ሙጫው ወረቀቱ ውስጥ ይገባል። መስታወት ላይ የተጣበቀ ፎቶ ካላችሁ፣ እዚህ አገር ከግድግዳ የወረደ ፎቶ ብዙው እንደዛ ነው፣ እንዳትልጡት፣ ፊቱ መስታወቱ ላይ ነው የሚቀረው፣ ከነመስታወቱ ስካን አድርጉት። ስካን 600 ዲፒአይ (የስካኑ የጥራት መጠን ነው)፣ ኦሪጅናሉን በወረቀት ፖስታ ውስጥ። ጀርባው ላይ ስም መፃፍ ከፈለጋችሁ በለስላሳ እርሳስ ጫፉ ላይ፣ በእስክሪብቶ አይሆንም። የተቀደደ፣ የተጫረ ነገር ሁሉ ኮፒው ላይ ኮምፒውተር ውስጥ ይስተካከል። ኮፒውን ስታስተካክሉ ደሞ ፎቶን የሚያጠሩት የኤአይ አፖች የጠፋ ፊት መልሰው አያመጡም፣ የሚመስል ሌላ ፊት ነው የሚሰሩት። የኔን ግብ ጠባቂ ሞክሬው የማላውቀው ቆንጆ ሰውዬ ሰራልኝ፣ አባቴ አይቶት ዝም አለና "ይሄ እሱ አይደለም" አለኝ። አጠፋሁት።

የማን እንደሆነ የት እንደሆነ ለማወቅ ፎቶው ላይ ያለውን ቁጥር እዩ። ለምሳሌ የአበበ ቢቂላ ፎቶ ብዙ ቤት አለ፣ ባዶ እግሩን ሆኖ 11 ቁጥር ካደረገ ሮም ነው፣ ጳጉሜ 5 1952፣ ጫማ አድርጎ 17 ቁጥር ከሆነ ቶኪዮ ነው፣ ጥቅምት 1957። ለሰፈር ቡድንም እንደዛው፣ የማሊያ ቁጥር፣ የሜዳው አጥር፣ ከኋላ ያለ ህንፃ ብዙ ይናገራል።

ፊርማ ያለበት ነገር ካላችሁ፣ ፊርማው ደብዝዟል ብላችሁ በማርከር እንዳትደግሙት፣ የደገማችሁት ቀን የናንተ ፅሁፍ ሆነ። አልኮልና ሽቶ አታስጠጉት፣ ብርሃን አታሳዩት፣ በቃ።

ማሳየት የምትፈልጉ ከሆነ አናፂ ጥልቀት ያለው ፍሬም ይሰራላችኋል፣ ማሊያው መስታወቱን እንዳይነካ ሶስት አራት ሳንቲ ክፍተት ያለው። ጀርባው ቺፑድ ወይ ኤምዲኤፍ ከሆነ አሲድ ያለው አየር ስለሚለቅ በአልሙኒየም ፎይል ሸፍኑትና ከላዩ የታጠበ ነጭ አቡጀዲ አድርጉ፣ ማሊያውን አቡጀዲው ላይ በትከሻውና በጎኑ በክር ያዝ ያዝ፣ ኮላም ስቴፕለርም አይነካውም። ሳሎን ውስጥ የት እንደምትሰቅሉት ደሞ አስቡበት፣ ፀሀይ ከሚገባበት መስኮት ፊት ለፊት አይሆንም፣ ቡና ከሚፈላበት ጥግ በላይም አይሆንም፣ የከሰሉና የእጣኑ ጭስ በየቀኑ ትንሽ ትንሽ ያርፍበታል፣ በጥቂት አመት ነጩ ቁጥር ቡናማ ይሆናል። እኔ ኮሪደር ላይ ነው የሰቀልኩት።

ውጭ ያላችሁ፣ እ.ኤ.አ ከ1984 ጀምሮ ሰሜን አሜሪካ በየአመቱ በሚደረገው የኢትዮጵያውያን ውድድር ላይ የተጫወታችሁ ወይ አባቶቻችሁ የተጫወቱ፣ የናንተ ችግር ቤዝመንት ነው። ማሊያና ዋንጫ ካርቶን ውስጥ ሆኖ ሲሚንቶ ወለል ላይ ይቀመጣል፣ በጋ ላይ እርጥበቱ ይወጣበታል። ወደ ላይኛው ፎቅ አውጡት። አሲድ የሌለው ሳጥንና ወረቀት እናንተ ጋ በቀላሉ ይገኛል፣ ርካሽ የእርጥበት መለኪያም ግዙ፣ ከ45 እስከ 55 ፐርሰንት መሀል ከሆነ ጥሩ ነው።

የመጨረሻው ስራ መፃፍ ነው። እያንዳንዱ እቃ ጋር አንድ ወረቀት፣ የማን እንደሆነ፣ የት ጨዋታ፣ አመተ ምህረቱ፣ ምን እንዳደረጋችሁበት፣ በምን ሳሙና እንደታጠበ ሳይቀር። አመቱን በሁለቱም አቆጣጠር ፃፉ፣ ዋንጫ ላይ "1954" ተብሎ ብቻ ያለን ነገር ነገ የልጅ ልጅ እንደ ፈረንጅ ቁጥር ያነበዋል። አገራችን የአፍሪካ ዋንጫን የወሰደችው ጥር 1954 ነው፣ ግብፅን በተጨማሪ ሰአት 4 ለ 2 አሸንፋ፣ ዋንጫውን አምበሉ ሉቺያኖ ቫሳሎ ከንጉሱ እጅ ሲቀበል፣ በፈረንጅ ግን 1962 ነው፣ ስምንት አመት ሙሉ ይሳሳታል ማለት ነው። ወረቀት ብቻም አይደለም፣ ባለቤቱ በህይወት ካለ ስልካችሁን ሪከርድ ላይ አድርጉና እቃውን እጁ ላይ ስጡት። አባቴን ዝም ብዬ ስጠይቀው ሁለት ቃል ነው የሚመልሰው፣ ኳሷን ጭኑ ላይ ሳስቀምጥለት ግን አርባ ደቂቃ አወራ፣ የተጋጣሚዎቹን ስም ሁሉ እየጠራ፣ ጣቱ ስፌቱ ላይ እየሄደ።

እኔ ሳጥኑን በአመት ሁለቴ እከፍተዋለሁ፣ ግንቦት መጨረሻ ላይ ክረምቱ ሳይገባ እና መስከረም ላይ። ብል አለ ወይ፣ ሽታ አለ ወይ፣ አዲስ ነጠብጣብ ወጣ ወይ ብዬ አየዋለሁ፣ ማሊያውን የታጠፈበትን ቦታ ቀይሬ እጥፋቱ ውስጥ ነጭ ጨርቅ ጥቅልል አድርጌ እመልሰዋለሁ (ፍሬም ውስጥ ያለው ፎቶ ነው፣ ማሊያው ራሱ ሳጥን ውስጥ ነው፣ ለእንግዳ ስናሳይ ብቻ ይወጣል)፣ ከጫማ ካርቶን የሰበሰብኳቸውን እርጥበት የሚመጡ የሲሊካ ጄል ፓኬቶች እቀይራለሁ፣ ወረቀቱ ላይ ቀኑን እፅፋለሁ።

ቀለም ፈተናው ላይ የተጠራጠራችሁት ነገር ካለ ከመንከራችሁ በፊት ፎቶ አንስታችሁ ጠይቁኝ፣ ከነከራችሁ በኋላ ግን ልረዳችሁ አልችልም።